ስሙ የማይታወቅ ልጅ፣ ሐሳቡ የሚያስደነግጥ መጽሐፍ፦ ምን ያድርግ?

ከቸቸላ፦
እንደምን ዋላችሁ፣ የጎንደር ሰፈር ሰዎች። ጉዳዩ የታናሽ ወንድሜ ነው። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ተምሮ ተመረቀ፤ አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል። ሦስት ዓመት የለፋበት ረቂቅ አለው፤ 320 ገጽ። ስለ ከተማ ቤት ነው። አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ሌላ ቤት ይዞ ማከራየት የለበትም ይላል። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት መውረሱ ልክ ነበር፤ ጥፋቱ ቤቱን ለነዋሪው ሳይሆን ለመንግሥት መስጠቱ ነው ይላል። አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት አሳታሚ ጋ ደረሰ። አንዱ ረቂቁን ሳይገልጥ «ስምህ አይሸጥም» አለው። ሌላው አንብቦ ወደደው፤ ግን «የመጨረሻውን ምዕራፍ አውጣውና ተመለስ» አለው። የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ የመጽሐፉ ልብ ነው። እና ምን ያድርግ? አለስልሶ አሳታሚ ያግኝ? በራሱ ብር ያሳትም? ወይስ በቴሌግራም በነፃ ይልቀቀው?

ከአራዳ፦
መጽሐፍ ስሸጥ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ የማውቀውን ልንገርሽ ልጄ። እዚህ አገር አሳታሚ የምንለው አብዛኛው አሳታሚ አይደለም። ማተሚያ ቤት አለ፣ አከፋፋይ አለ። ብሩን የሚያወጣው ጸሐፊው ነው። የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ አሳታሚ የሚፈልገው ሰው ስሙን ሰምቶ የሚገዛውን ጸሐፊ ነው። በዚህ አልፈርድበትም። ወረቀቱ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በዶላር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ማተሚያ ቤቶች የሚሰጡት ዋጋ ብዙ አይጸናም። አንድ ፎርማ 16 ገጽ ነው፤ 320 ገጽ ማለት 20 ፎርማ ነው። ስም የሌለው ልጅ 20 ፎርማ ይዞ ሲመጣ ማንም ይፈራል።

አንድ ልጅ አውቃለሁ። እናቱ የዕቁብ ብሯን ሰጥታው 1,000 ኮፒ አሳተመ። 30 እኔ ጋ አስቀመጠ፤ በስድስት ወር 4 ተሸጠለት። ቀሪውን አልጋ ሥር ደርድሮት ነበር። ክረምት ላይ ሄጄ አየሁት። የታችኛው ረድፍ ውኃ ጠጥቶ እንደ እንጀራ ተነባብሮ ተጣብቋል። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። ወንድምሽን እንዲህ እንዳታደርጉት።

ከአዘዞ፦
ጋሼ፣ ለዚህ ነው ቴሌግራም ያለው። ፒዲኤፍ አድርጎ ይልቀቀው፣ በአንድ ሌሊት ሺህ ሰው ጋ ይደርሳል። ወረቀት ምን ያደርግለታል? ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በኅዳር 1962 በተማሪዎች መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ጥቂት ገጽ ነው። ወደድነውም ጠላነውም፣ አገሪቱ እስካሁን የምትጨቃጨቀው በሱ ነው። ያን ጊዜ እሱም ተማሪ ነበር። አሳታሚ አልጠበቀም።

ከአራዳ፦
ልክ ነህ፣ አጭር መሆኑ ጠቅሞታል። ግን አንድ ነገር ረሳህ። ያን ጽሑፍ የተሸከመ እንቅስቃሴ ነበረ፤ የሚያነብለት፣ የሚያባዛለት፣ የሚሟገትለት ተማሪ ነበረ። ይህ ልጅ ማን አለው? ደሞስ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ እዚህ ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ የኖርነው አንተም አለህበት። ያን ጊዜ የኔ ሱቅ ሞልቶ ነበር። ሰው የቆየ መጽሐፍ እየተዋሰ ያነብ ነበር። ወረቀት መብራትም ኔትወርክም አይጠይቅም።

ከማራኪ፦
ሕግ አስተምራለሁ፤ ስለ ፍርሃቱ ልናገር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ የሚከለክለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ የተመሠረተ ጥላቻ ነው። ቤት አከራይ ከነዚህ አንዱ አይደለም። ስለዚህ መጽሐፉ በዚህ አዋጅ ችግር የለበትም።

በተግባር ግን የሚያግደው ሌላ ነው። ድሮ የሚያግድ ቢሮ ነበር። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ታትሞ ሲታገድ፣ አጋጁ ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ዛሬ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ገጹን ገልጦ «ይሄስ ነገር አያመጣብንም?» ይላል። ትእዛዝ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ ይግባኝ የሚባልበትም የለም። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም፤ ያለንበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ልመና ግን አለኝ፦ ልጁን «ጽንፈኛ» አትበሉት። ይህ ቃል ዛሬ እዚህ ክልል ሰው ላይ ከተለጠፈ መዘዙ ከባድ ነው። «ሥር ነቀል» የሚል ጥሩ ቃል አለን።

እና አያለስልስ። ያንን ምዕራፍ ካወጣው የሚቀረው የቤት ኪራይ እሮሮ ነው። እሱን ካፌ ውስጥ በነፃ እንሰማዋለን።

ከፒያሳ፦
እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። መጽሐፉ እንዲህ ሆኖ መውጣት የለበትም።

አያቴ ጠላ ሸጣ ሁለተኛ ቤት ሠርታ ነበር። በ67 ተወረሰ። ከመስኮቷ ፊት ለፊት ይታያል። እስክትሞት ድረስ ጧት ጧት መስኮቱን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ያንን ቤት ነበር። ጣራው ዛገ፣ በሩ ተሰነጠቀ፣ ማንም ምስማር አልመታበትም። ተከራዩም ደህና ሰው ነበር፤ በዓል ሲሆን ዳቦ ይልክላት ነበር። እሷ ግን ዳቦውን ተቀብላ ለልጆች ትሰጠው ነበር እንጂ አትቀምሰውም። ሥር ነቀል ሐሳብ እንዲህ አድርጎ ነው ቤታችን የገባው። አሳታሚው ማለፉ ፍርሃት ብቻ ላይሆን ይችላል። ምናልባት የሱም አያት ቤት ተወስዶባት ይሆናል።

ከማራኪ፦
እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን ይህ ለመጽሐፉ መልስ የመስጫ ምክንያት ነው እንጂ መጽሐፉን የማስቀሪያ አይደለም። አንቺ ይህን ጽፈሽ ብትመልሺለት ሁለቱንም አነባለሁ። ገብረሕይወት ባይከዳኝ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፈው ትልቅ ሥራ የታተመው እሱ በ1911 ከሞተ በኋላ፣ በ1916 ነው። በሕይወት ሳለ ቢታተም መልስ የሚሰጠው፣ የሚያርመው፣ የሚያናድደው ሰው ያገኝ ነበር። ያን ነው ያጣው፤ እኛም አጣነው።

ከፒያሳ፦
ልጁ የተወረሰበት ሰው አነጋግሯል? በ320 ገጽ ውስጥ አንድ አለ?

ከቸቸላ፦
አሁን ጠየቅሁት። የለም። ተከራዮችን ነው ያነጋገረው፤ 40 ያህል ሰው። ቤት የተወረሰበት አንድም የለም። ዝም አለና «ይቀበሉኛል ብዬ አላሰብኩም» አለኝ።

ከፒያሳ፦
እናቴ ትቀበለዋለች። ትሰድበው ይሆናል፤ ግን ቡና ታጠጣዋለች። ይምጣ።

ከአራዳ፦
እኔ የምለውም ይሄው ነው። ልጁ ከአሳታሚ በፊት የሚያስፈልገው ሐሳቡን የሚጠላ ግን እስከ መጨረሻው የሚያነብለት ሰው ነው። እሱን ካገኘ በኋላ 20 ፎርማውን ይተወው። ያንን የመጨረሻ ምዕራፍ ብቻ 4 ፎርማ አድርጎ፣ 64 ገጽ፣ 200 ኮፒ ያውጣ። ለአከፋፋይ አይስጥ። ካልተሸጠ የሚያጣው የማይገድል ብር ነው። ከተሸጠ ሁለተኛውን አሳታሚ በስልክ ይጠራዋል፤ ያን ጊዜ ስም አለው። ደሞ ቶሎ ላውጣ ብሎ አይቸኩል፤ ከወመዘክር፣ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ማለቴ ነው፣ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ያውጣበት፣ እዚያው ቅጂም ያስቀምጥ። ነገ ማን እንደጻፈው ክርክር ቢነሳ ይጠቅመዋል።

ከአዘዞ፦
200 ኮፒ ለ200 ሰው ነው ጋሼ። ወረቀቱ ሲያልቅ ፒዲኤፉ ይለቀቅ። እዚህ ላይ አልሸነፍም።

ከአራዳ፦
ሲያልቅ ይለቀቅ። እኔ ጋ 50 አስቀምጡ፣ ኮሚሽን አልወስድም።

ከቸቸላ፦
ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ ሁሉንም አንብቧል። የመጨረሻውን ምዕራፍ ለብቻው ያወጣዋል፤ ግን ፒያሳ እናትየው ጋ ሳይሄድ ማተሚያ ቤት አይገባም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመቻቸዋል? ምን ይዞ እንደሚሄድም ጠይቂልን። ዳቦ አይሁን።