ቁልፍ መቆለፍ የማን ሥራ ነው፤ የትምህርት ቤት ወይስ የቤት?

የልጅ እናት (ደብረ ብርሃን)፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ዳውን ሲንድረም አለበት፤ አብሮት የተወለደ፣ መማርን የሚያዘገይ ሁኔታ ነው። ልዩ ፍላጎት ክፍል ነው የሚማረው። ሰሞኑን ደብተሩ ባዶ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እጅ መታጠብና የሹራብ ቁልፍ መቆለፍ ሲያስተምሩት ከረሙ። አባቱ ተቆጣ፤ «ትምህርት ቤት የላክሁት እጅ ሊታጠብ ነው?» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አባት (መሀል ሜዳ)፦ ባለቤትሽ እውነቱን ነው። እጅ መታጠብማ እኛም ቤት አለ። የሰው ልጅ ሀሁ ሲቆጥር የኛ ውሃ ሊንቦጫረቅ ነው? «ይሄ ፊደል አይገባውም» ማለትን አሳምረው ሲናገሩት ነው።

የልጁ መምህርት (ደብረ ብርሃን)፦ ወንድሜ፣ ፊደሉን ማን ተወው? ግን ሽንት ቤት ብቻውን መግባት የማይችል ልጅ ስንት ሰዓት ክፍል ይቀመጣል? ደግሞ ቁልፍ መቆለፍ ቀላል እንዳይመስልህ። ሹራቡ አምስት ቁልፍ አለው እንበል። አራቱን እኔ እቆልፋለሁ። አምስተኛውን በቀዳዳው ግማሽ አሳልፌ እተውለታለሁ፤ እሱ ስቦ ይጨርሳል። እሱን ሲለምድ የመጨረሻውን ሙሉውን ይቆልፋል፣ ከዚያ ሁለቱን። ከመጨረሻው የምንጀምረው ሁልጊዜ ጨራሹ እሱ እንዲሆን ነው። ጧት ጧት ግን አልሞክረውም። በኛ ብርድ የኔም ጣት አይታዘዝም፤ ፀሐይ ስትወጣ ነው።

አባት (ሸዋ ሮቢት)፦ እኛ ጋ ደግሞ ሹራብ የሚለብስ የለም 😄 ማውለቅ አስተምሩልን።

የሕግ ተማሪ፦ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 24 ትምህርትን ሲዘረዝር የሕይወት ክህሎትንም አብሮ ይጠቅሳል። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ኮንቬንሽኑን አጽድቃለች። ስለዚህ መምህርቷ ከሥራዋ አልወጣችም።

አባት (መሀል ሜዳ)፦ አንቀጹን ተወውና፣ ክፍሉ ውስጥ ቧንቧ አለ ወይ?

መምህርት፦ ግቢው ውስጥ አለ። ውሃው ሲመጣ።

የልጅ እናት፦ ቧንቧ ካላችሁማ ልንገራችሁ። ትናንት ምሳ ልናቀርብ ስንል ሳፋውን አስቀመጥኩለት። እኛ የምንታጠበው በጆግ ነው። ልጁ ግድግዳውን ይዳብሳል። ምን ነካው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ቧንቧ እየፈለገ ነው! ትምህርት ቤት «ጎበዝ» ተብሎ የመጣ ልጅ እኮ ነው። ጆጉን አሳየሁት፤ ዝም ብሎ አየኝ።

አባት (መሀል ሜዳ)፦ ያልኩት ይሄንኑ አይደል? ቤት ይማረው።

መምህርት፦ እዚህ ላይ ተሸነፍኩ፤ ግማሹን ብቻ ግን። አንድ ቦታ የተማሩትን ሌላ ቦታ መድገም ለእነሱ ከባድ ነው። ይሄን እያወቅሁ ቤታችሁ በምን እንደምትታጠቡ አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው። ቤት ብቻ ይማር ማለት ግን እናትየዋ ላይ መጣል ነው። ወንድሜ፣ ለመሆኑ የልጅህን ቁልፍ ማነው የሚቆልፈው?

አባት (መሀል ሜዳ)፦ እናቱ።

መምህርት፦ እኮ። እህቴ፣ ጆጉን ላኪልኝ። ሳፋው ከኛ።

የልጅ እናት፦ እሺ። ነገ አባቱ ይዞት ይመጣል። ከአሁኑ እያጉረመረመ ነው፤ «ጆግ ተሸክሜ በከተማው ልዙር?» ይላል።

አባት (ሸዋ ሮቢት)፦ በፌስታል ይያዘው 😄