በቨርጂኒያ ለሱፐርስፖርት ሞተር ሳይክል አቅም የሚፈቅደው ኢንሹራንስ እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)

ሰላም ለሁላችሁም። ዕድሜዬ 24 ነው፤ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ውስጥ በኪራይ አፓርታማ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ለሦስት ዓመት ያህል ባለ 150 ሲሲ ሞተር እነዳ ነበር፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን የነዳሁት መኪና ብቻ ነው። ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቼ አሁን የ2018 ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 600 በ7,800 ዶላር ለመግዛት ከሻጩ ጋር በቃል ተስማምቻለሁ፤ ቀብድ ግን አልከፈልሁም።

የያዘኝ የኢንሹራንሱ ነገር ነው። አራት ኩባንያዎችን ጠይቄ ከሁሉም ዝቅ ያለው ዋጋ ለሙሉ ሽፋን በዓመት 2,860 ዶላር ሆነ፤ አንደኛው ኩባንያ ጭራሽ ይህን ዓይነት ሞተር ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንደማይመድን ነገረኝ። የሥራ ባልደረባዬ ባለ 1,746 ሲሲ ሃርሊ ዴቪድሰን እየነዳ የእኔን ሲሶ እንኳ አይከፍልም። የእኔ 600 ሲሲ ብቻ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ሕጉ የሚያስገድደውን ዝቅተኛ ሽፋን ብቻ ገዝቼ ብነዳስ? የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ 1 (በፌርፋክስ የኢንሹራንስ ወኪል)

ወንድማችን፣ ቀብድ ሳይከፍሉ መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ ቢሯችን ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ዋጋ የሚጠይቁት ሞተሩን ገዝተው ከጨረሱ በኋላ ነው።

አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ክፍያውን፣ የሚወስነው ሲሲው ብቻ አይደለም። ኩባንያው የሻንሲ ቁጥሩን ሲያስገባ ሞተሩ በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ ያያል፤ ጂኤስኤክስ-አር፣ ያማሃ አር 6፣ ሆንዳ ሲቢአር 600 አርአር እና ካዋሳኪ ዜድኤክስ-6አር ደግሞ ሁሉም ሱፐርስፖርት ከሚባለው ምድብ ናቸው። እነዚህ ለውድድር ሜዳ ከተሠሩ ሞተሮች የተወለዱ፣ ክብደታቸው ትንሽ፣ ሞተራቸው በደቂቃ ከ13 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከርና ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚሰጥ ናቸው። የባልደረባዎ ሃርሊ ሞተሩ በሦስት እጥፍ ቢበልጥም ከባድና ረጋ ያለ ነው። የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም በ2007 ባወጣው ጥናት የሱፐርስፖርት ነጂዎች የሞት መጠን ከሌሎች የሞተር ዓይነቶች ነጂዎች አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያ ላይ የዕድሜዎ ወጣትነት፣ በዚህ አገር የሞተር ታሪክ የሌለዎት መሆኑ፣ ምናልባትም የክሬዲት ታሪክዎ አጭርነት ሲጨመርበት የተነገረዎት ዋጋ ይወጣል። በአዲስ አበባ የነዱበት ሦስት ዓመት ለእርስዎ እውነተኛ ልምድ ቢሆንም ከኩባንያው መዝገብ ውስጥ ስለማይገኝ ዋጋውን አይቀንስልዎትም።

ስለ ዝቅተኛው ሽፋን ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ። በቨርጂኒያ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሕጉ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ ለአንድ አደጋ በድምሩ 100,000፣ ለንብረት ደግሞ 25,000 ዶላር ነው። ቀድሞ 500 ዶላር ለግዛቱ ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ሃያ አምስት ሺህ ዶላር ዛሬ በጎዳናው ላይ የሚያዩትን መኪና ግማሽ ዋጋ እንኳ ላይሸፍን ይችላል፤ ቀሪውን ከሳሹ የሚጠይቀው ከእርስዎ ደመወዝ ነው።

በእኔ እምነት መቆጠብ ያለብዎት በሌላው በኩል ነው። ወኪልዎን የአረቦኑን ዝርዝር በየሽፋኑ ከፋፍሎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት። ለእንደዚህ ዓይነት ሞተር ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ገንዘብ የሚወስደው የግጭት ሽፋኑ፣ ማለትም የራስዎ ሞተር ሲጋጭ ወይም ሲወድቅ ለጥገናው የሚከፍለው፣ ሆኖ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ምክንያቱም ሞተሩ ቆሞ እንኳ ቢወድቅ የጎን ፕላስቲኮቹ ስለሚሰባበሩና መለወጫቸው ውድ ስለሆነ ነው። ሞተሩን በጥሬ ገንዘብ የሚገዙ ከሆነ የግጭት ሽፋን የሚያስገድድዎ ባንክ የለም፤ ስለዚህ እሱን ትተው ስርቆትንና እሳትን የሚይዘውን ሽፋን ብቻ በ1,000 ዶላር ዲዳክተብል (ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት ከራስዎ ኪስ በሚወጣው ድርሻ) መያዝ ይችላሉ። የተረፈውን ገንዘብ የሦስተኛ ወገኑን ለአንድ ተጎጂ ወደ 100,000፣ ለአንድ አደጋ ወደ 300,000 ዶላር ለማሳደግ ያውሉት፤ ይህን ማሳደግ ሰዎች ከሚገምቱት በታች ነው የሚያስወጣው።

መልስ 2 (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ፣ እኔ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ እንደ ታላቅ እኅት አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከላይ የተሰጠህ ምክር ትክክል ነው፣ ነገር ግን የራስህ አካል የሚታከምበትን ሽፋን አላነሣም።

በቨርጂኒያም ሆነ እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ያለው የጥፋት ሕግ በጣም ጥብቅ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ለአደጋው አንተም በጥቂቱ ጥፋት አለብህ ካለ፣ አንድ በመቶ እንኳ ቢሆን፣ ከሌላው አሽከርካሪ ካሳ የማግኘት መብትህ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ሞተር ነጂ ሲሆን ደግሞ «በፍጥነት ይመጣ ነበር» ማለት ለሌላው ወገን ቀላል ነው። ለዚህ ነው የሕክምና ክፍያ የሚባለውን ሽፋን እንድትጠይቅ የምለምንህ፤ ይህ ሽፋን ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን እስከ ተወሰነው መጠን ይከፍላል። በሜሪላንድ ለመኪና የሚሰጠውን ተመሳሳይ ሽፋን ኩባንያዎች ለሞተር ሳይክል እንዲያስቀሩ ሕጉ ስለሚፈቅድላቸው፣ አለኝ ብለው የሚነዱ ነገር ግን የሌላቸው ልጆች አጋጥመውኛል።

ሁለተኛው ኢንሹራንስ በሌለው ወይም በቂ ባልሆነው አሽከርካሪ ለሚደርስብህ ጉዳት የሚከፍለው ሽፋን ነው። አደጋ አድርሶ የሸሸ መኪናም በዚሁ ውስጥ ይታያል። የሦስተኛ ወገን መጠንህን ያህል አድርገህ ግዛው። የተሰበረ እግር በአንድ ቀዶ ሕክምና አይድንም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፊዚዮቴራፒና ያለ ሥራ የሚቆዩበት ወራት ነው ቤተሰብን የሚያናጋው። በሥራ ቦታህ ያለህን የጤና ኢንሹራንስም ዲዳክተብሉ ስንት እንደሆነ አሁኑኑ እይ።

መልስ 3 (ከዉድብሪጅ፣ ስድስት ዓመት የነዳሁ)

እኔም በ23 ዓመቴ በአር 6 ነው የጀመርሁት፤ ስለዚህ ልብህ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ግን የመጀመሪያውን ሞተር እንድትለውጥ እመክርሃለሁ። ያማሃ ኤምቲ-07 (689 ሲሲ)፣ ካዋሳኪ ኒንጃ 650 ወይም ሱዙኪ ኤስቪ 650 በሲሲ ከአንተ ምርጫ ይበልጣሉ፤ ጉልበታቸው ግን ከ65 እስከ 75 ፈረስ ገደማ ስለሆነና በሱፐርስፖርት ምድብ ስለማይገቡ አረቦናቸው በብዙ ይቀንሳል። ለከተማና ለአውራ ጎዳና ከበቂ በላይ ናቸው። ያየኸው ጂኤስኤክስ-አር ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ ፍሬን፣ የለውም፤ በዝናብ ቀን በድንገት ፍሬን ስትይዝ ልዩነቱ ይገባሃል።

መጀመሪያ የሞተር ደኅንነት ኮርሱን ውሰድ። በቨርጂኒያ ኮርሱን ስታልፍ የዲኤምቪን (የመንጃ ፈቃድና የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱን) የመንዳት ፈተና ሳትቀመጥ ክላስ ኤም የሚባለውን የሞተር መንጃ ፈቃድ ታገኛለህ፤ አብዛኞቹ ኩባንያዎችም ቅናሽ ይሰጡበታል። መኪናህን ከመደነው ኩባንያ ጋር ማጣመርና የዓመቱን በአንድ ጊዜ መክፈልም ይረዳል። አፓርታማህ የተዘጋ ማቆሚያ ከሌለው ከባድ ሰንሰለት ግዛ፤ የጃፓን ሞተሮች ሌቦች አብዝተው የሚፈልጓቸው ናቸውና። የማቆሚያ አድራሻህን ግን ዋጋ ይቀንስልኛል ብለህ የዘመድ ቤት አድርገህ አትጻፍ፤ ሞተሩ በተሰረቀ ቀን ካሳውን የሚያስከለክልህ ይኸው ነው።

ዋጋዬን ከሁሉ በላይ ያበላሸው የራሴ እጅ ነው። 55 ማይል በተፈቀደበት መንገድ በ78 ስነዳ ተያዝሁ። በቨርጂኒያ ከተፈቀደው 20 ማይል ያለፈ ወይም ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው በግዴለሽ መንዳት ይከሰሳል፤ ይህም ተራ ቲኬት ሳይሆን እስከ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ በዲኤምቪ መዝገብም 11 ዓመት ይቆያል። በቀጣዩ እድሳት አረቦኔ ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ሞተሩን የሸጥሁትም በዚያው ነበር። እነዚያ ሱፐርስፖርቶች በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ይህን ፍጥነት ሳይታወቅህ ያልፉታል።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባለው ዝርዝሩን አስከፋፍዬ ሳየው ከ2,860 ዶላሩ ውስጥ 1,690 ዶላሩ የግጭት ሽፋኑ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያም በዚያው ኩባንያ ለ2021 ኤምቲ-07 ከኤቢኤስ ጋር ዋጋ ጠየቅሁ፤ የሦስተኛ ወገኑን 100,000 እና 300,000 አድርጌ፣ ኢንሹራንስ የሌለው አሽከርካሪ የሚለውን በዚያው መጠን፣ የሕክምና ክፍያ 5,000 ዶላር፣ ስርቆቱን በ1,000 ዶላር ዲዳክተብል ስጨምር 810 ዶላር ወጣ። ኮርሱን ካለፍሁ ደግሞ ይቀንሳል ተብያለሁ። ለሱዙኪው ሻጭ ዛሬ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ለሚያዝያ ኮርስም ተመዝግቤአለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፤ በብርዱ ወራት ስለማልነዳ ኢንሹራንሱን ሰርዤ በጸደይ ብመልሰው ይሻላል?

መልስ 1 (በድጋሚ)

ደስ ብሎኛል። ታርጋው በእጅዎ እያለ ግን በፍጹም እንዳይሰርዙ፤ ኩባንያው ሽፋኑ መቋረጡን ለዲኤምቪ ያሳውቃል፣ ታርጋውን አስቀድመው ካልመለሱ ቅጣትና የምዝገባ እገዳ ይከተላል። በመካከል የተቋረጠ ሽፋን በሚቀጥለው ዓመትም ዋጋዎን ከፍ ያደርገዋል። በ810 ዶላር ውስጥ የብርዱ ወራት ድርሻ ትንሽ ነው፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለም ሊሰረቅ ስለሚችል ዓመቱን ሙሉ ይዘውት ይቆዩ።