ለህንድ ሲቪል ሰርቪስ ፈተና ወቅታዊ ጉዳይ እንዴት ይጠናል? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ? አባቴ ህንዳዊ፣ እናቴ ሐበሻ ናት። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ አሁን ደልሂ ሆኜ ለሲቪል ሰርቪስ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ታሪኩንም ሕገ መንግሥቱንም እንደምንም ይዣለሁ። ያቃተኝ ወቅታዊ ጉዳይ ነው።

በየቀኑ ጋዜጣ አነባለሁ፣ አሰምራለሁ፣ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። አራት ደብተር ሞላሁ። ትናንት ራሴን ስፈትን ግን ጉድ ሆንኩ። «እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ብሪክስን የተቀላቀሉት የትኞቹ ናቸው?» ይላል (ብሪክስ እነ ብራዚል፣ ሩሲያ፣ ህንድና ቻይና ያሉበት የአገሮች ስብስብ ነው)። ኢትዮጵያን ወዲያው ከበብኩ (እሷን ብስት እናቴ ቤት አታስገባኝም)። አርጀንቲናንም ጨመርኩ። ለካ በነሐሴ 2023 ተጋብዛ፣ በታኅሣሥ እምቢ ብላለች! ግብዣው ደብተሬ ላይ አለ፣ እምቢታው የለም።

የፈተናው የመጀመሪያ ወረቀት በ2 ሰዓት 100 ጥያቄ ነው፤ ለተሳሳተ መልስ የጥያቄው ነጥብ ሲሶ ይቀነሳል። በግምት መሄድ ያከስራል።

እንዲህ ያለ ፈተና የተፈተናችሁ፣ ማስታወሻ የምትይዙት በቀን ነው በርዕስ? አሮጌ ዜና ሲቀየር እንዴት ታርሙታላችሁ? የስንት ወር ዜናስ ይበቃል? አራቱን ደብተር ልጣላቸው ወይስ ላስተካክላቸው?