ባለ ጠባሳ ክፉ ሰው አይጻፍ? ክርክር ከደሴ

አስተባባሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። ነገሩ የመጣው ከንባብ ክበባችን ነው። ለዘንድሮው የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ደንብ ስናወጣ አንዷ አባላችን አንድ አንቀጽ ይጨመር አለች። «ክፉው ገጸ ባሕሪ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ወይም አካሉ የጎደለ ከሆነ ጽሑፉ አይወዳደርም» የሚል። ግማሹ አጨበጨበ። ግማሹ «ይሄ ደራሲን እጅና እግሩን ማሰር ነው» ብሎ ተነሳ። ፒያሳ ያለው ሻይ ቤት ወንበር ማንሳት እስኪጀምር ተጨቃጭቀን ሳንስማማ ተበተንን። እዚህ ይለቅልን። ስድብ የለም። ከመጽሐፍም ከኪታብም መጥቀስ ይቻላል፤ መስበክ ግን አይቻልም።

ነርሷ፦
አንቀጹን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ምክንያቴን ልናገር።

ቁንጭርን ታውቁታላችሁ አይደል? ከተማ ያደገ ሰው ላያውቀው ይችላል። የደጋ በሽታ ነው፣ ሽኮኮ የሚኖርበት ገደል አካባቢ ይበዛል። ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ከሽኮኮው ወደ ሰው ታመጣዋለች። ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ ትንሽ እብጠት ሆኖ ይጀምራል። ብዙም ስለማያም ቤተሰብ ችላ ይለዋል። ጠበል ይሞከራል፣ ቅጠል ይሞከራል፣ ወራት ያልፋሉ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሲደርሱ ቁስሉ ሰፍቷል። መርፌው በየቀኑ ነው፣ ለሳምንታት፤ ያማል። ከዚያ ይድናል። ጠባሳው ግን ዕድሜ ልክ ፊት ላይ ይቀራል። ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

አንዷን ልንገራችሁ። ግራ ጉንጯ ላይ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ አላት። ትምህርት ቤት ድራማ ሲያዘጋጁ የሌባዋን ቦታ ሰጧት። መምህሩ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «አንቺማ ሜካፕ አያስፈልግሽም።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አሁን ስታወራኝ ሁልጊዜ ግራ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ነው። ለማያውቃት ሰው የምታስብ ትመስላለች። ጽፋ ስትጨርስ እስክሪብቶውን ታስቀምጥና እጇ ወዲያው ወደ ጉንጯ ይመለሳል።

መምህሩ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ፊልም ያየ ሰው ነው። ሌባ ማለት ፊቱ የተተለተለ ሰው ነው ብሎ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲማር ኖሯል።

ደግሞ ብቻዬን ያመጣሁት ሐሳብ አይደለም። የብሪታንያ የፊልም ተቋም በ2018 እ.ኤ.አ. ክፉውን ሰው ፊቱ ላይ ባለ ጠባሳ ለሚያስተዋውቁ ፊልሞች ገንዘብ አልሰጥም ብሏል። እነሱ ከቻሉ የኛ ክበብ አንዲት አንቀጽ ያቅተዋል?

የአራዳው፦
እህቴ፣ የልጅቷ ነገር አንጀቴን በልቶታል። ግን የመምህሩን ዕዳ ለምን ደራሲ ይክፈል?

አንድ ነገር ላንሳ። የሞቢ ዲኩን ካፒቴን አሃብን። እግሩን ዓሣ ነባሪ ወሰደበት። በዓሣ ነባሪ መንጋጋ አጥንት በተሠራ እግር መርከቡ ላይ ቆሞ ለበቀል ይሄዳል፣ ሠራተኞቹንም ይዞ ይጠፋል። መጽሐፉ የወጣው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬም ይነበባል። በናንተ ደንብ ግን ከማጣሪያው አያልፍም። እስቲ እግሩን መልሱለት! ምን ይቀራል? ባሕር ላይ ሥራውን የሚሠራ አንድ ቁጡ ሽማግሌ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ይሄ እንዴት ይጠፋናል?

ሌላም አለ። ባለ ጠባሳ ሁሉ ደግ ይሁን ማለት ራሱ ንቀት ነው። ሰውዬው ክፉ የመሆን መብት የለውም? አንድ እጁ የማይሠራ አራጣ አበዳሪ አውቃለሁ። ወላሂ፣ ርኅራኄ የሚባል ነገር በሰፈሩ አላለፈም።

የሐይቁ መምህር፦
ልጆች፣ ጠባሳ የክፉ ምልክት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? እኛ አገር እንዲህ አልነበረም።

እኔ ካለሁበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርብ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ የተማሩበት ገዳም ነው። የጻድቁን ሥዕል ያላየ ያለ አይመስለኝም። በአንድ እግራቸው ቆመው ይጸልያሉ፣ በቁመት ብዛት የተቆረጠችው እግር ከጎን ትታያለች። ሠዓሊው አይደብቃትም። እንዲያውም ስማቸው ባይጻፍ ማን እንደሆኑ የምናውቀው በእሷ ነው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ሜምፊቦስቴንም አስቡ። አምስት ዓመቱ ሳለ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀ፣ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ካደገ በኋላ ዳዊት ከገበታው አስቀመጠው። እኛ ብንጽፈው እዚህ ላይ ተነስቶ በሄደ ነበር! መጽሐፉ ግን ሁልጊዜ ከንጉሡ ማዕድ ይበላ እንደነበር ይነግረንና ወዲያው ሁለት እግሮቹ ሽባ እንደነበሩ ይደግመዋል። ምዕራፉ እዚያው ላይ ያልቃል። ልብ ወለድ ነው ማለቴ አይደለም፤ አተራረኩን እዩልኝ ነው የምለው።

ወደ ግሪኮቹ ብትሄዱም ኦዲሴየስ አለላችሁ። 20 ዓመት ተለይቶ ለማኝ መስሎ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ፊት ተቀምጦ ሲያወራ አላወቀችውም። አሮጊቷ ሞግዚት እግሩን ስታጥብ ግን ከጉልበቱ በላይ ያለው ጠባሳ እጇ ላይ መጣ። በልጅነቱ ከርከሮ የወጋው ነው። እግሩን ለቀቀችው። የነሐሱ ሳፋ ተገለበጠ፣ ውሃው ፈሰሰ። ጠባሳው ባይኖር ንጉሡ እቤቱ ውስጥ እንግዳ ነበር።

(ጠቀስኩ እንጂ አልሰበክሁም፤ አስተባባሪው ይመስክርልኝ።)

የፊልሙ ልጅ፦
ጋሼ የተናገሩት ግሩም ነው፣ ግን ከርስዎ ሞግዚት ጋር የሚቀመጥ ተመልካች የለንም። እኛ ጋ ደቂቃ ገንዘብ ነው። ሽፍታው ከበሩ ሲገባ ሰው በሦስት ሰከንድ ውስጥ ሽፍታ መሆኑን ማወቅ አለበት። ሙጫ ትቀባለህ፣ ቆዳውን ትቆነጥጣለህ፣ ቀለም ትለቀልቃለህ፣ አለቀ። ርካሽ ነው።

ችግሩን ግን አልክድም። አንድ ቀረጻ ላይ ያየሁት አለ። የሰውዬው ጠባሳ መጀመሪያ ቀን ቀኝ ጉንጩ ላይ ነበር፣ በማግስቱ ግራ ጉንጩ ላይ ተሠራ። ማንም አላስተዋለም። ኤዲተሩ ነው ደውሎ «ሰውዬው መንታ አለው እንዴ?» ያለው።

ነርሷ፦
የኔዋ ልጅ ግን አይዛወርላትም።

የኮምቦልቻዋ፦
ሁላችሁም «ጉዳት ከመጣ አይሂድ» ወደሚለው እያዘነበላችሁ ስለሆነ እኔ በሌላ በኩል ልምጣ። መዳንስ ለምን ይከለከላል?

ሱረቱ ዩሱፍን የሰማ ሰው ያውቀዋል። ነቢዩ ያዕቆብ ዐለይሂ ሰላም በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው ጠፋ። መጨረሻ ላይ የዩሱፍ ቀሚስ ፊታቸው ላይ ሲጣል አዩ። እሱን ሰምቶ «ይሄማ ቀለለ» የሚል የለም። አላህ ያደረገውን እንተወውና እንደ ታሪክ ብቻ እንየው። ሐዘኑ ዓመታት ቆይቷል፣ እኛም አብረን ቆይተናል። ብርሃኑም የመጣው ዓይናቸው ከጠፋበት ከዚያው ልጅ በኩል ነው። የኛ ተከታታይ ድራማዎች ላይ ግን ዓይነ ስውሯ ልጅ ውጪ አገር ሄዳ ስትመለስ አየች ይባላል። ማን ከፈለ? ምን ተደረገላት? ያላየችውን ዓለም ስታይ ምን ሆነች? ምንም! ሰርጉ ብቻ ይቀጥላል።

ስለዚህ ይዳን፤ ግን ዋጋ ተከፍሎበት ይዳን።

ባለ ክራንቹ፦
ስለኔ ስትከራከሩ ዝም ብዬ አነብ ነበር፤ በቃ ልግባ። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የለም። በጦርነቱ ነው፣ ዝርዝሩ ይቅር።

አንቀጹን እቃወማለሁ። እህቴ ነርሷ፣ አትቀየሚኝ። ክፉ ብታደርጉኝ ግድ የለኝም። እኔን የሚያናድደኝ መረሳቱ ነው። ጀግናው ጥይት ይመታዋል፣ ቆንጆዋ ከነጠላዋ ቀዳ ታስርለታለች፣ ከሁለት ገጽ በኋላ ፈረስ ይጋልባል። ወይም እግሩ ይቆረጣል፣ ሰው ሠራሽ እግር ይገባለታል፣ ከዚያ በኋላ ስለ እግሩ አንዲት መስመር የለም።

እስቲ ለሚጽፉት ልንገራቸው። የተቆረጠ እግር በመጀመሪያዎቹ ወራት እየከሳ ይሄዳል። ልክክ ብሎ የተሠራልህ ሰው ሠራሽ እግር ይላላል። ካልሲ ትደርባለህ፣ ሌላ ካልሲ ትደርባለህ፣ በመጨረሻ ሌላ ይሠራልሃል። በሙቀት ያልበዋል፣ ካላበው ይልጠዋል። ደሴ ደግሞ ሜዳ የላትም! ሰው ዳገቱ ይከብደኛል ብሎ ያዝንልኛል። ዳገቱስ ይወጣል፣ የሚያስቸግረው ቁልቁለቱ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ወደ ገበያ በክረምት ስወርድ በጎኔ ነው የምወርደው፣ ክራንቹን አስቀድሜ፣ ጭቃውን እየነካሁ። የሰፈር ልጆች ለመዱኝ፣ መንገድ ይለቁልኛል።

ሌሊት ደግሞ የሌለችው እግር አውራ ጣቷ ያሳክከኛል። ወላሂ። ለማከክ እጃችሁን ትልካላችሁ፣ ፍራሽ ነው። ሐኪሞቹ አልተገረሙም፣ እግሩ የተቆረጠ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል አሉኝ። መስጊድ ወንበር ላይ ነው የምሰግደው። ሰርግ ቤት «ጫማ አውልቃችሁ ግቡ» ሲባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ወደኔ ነው።

ይሄን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ክፉ አድርጉኝ፣ ዘራፊ አድርጉኝ። ግን ደረጃ አስወጡኝ። ባንክ ዘርፌ ስወጣ ያ ቁልቁለት ይጠብቀኝ።

የአራዳው፦
አቦ ተመችተኸኛል! ክርክሩ አለቀ።

ነርሷ፦
አላለቀም። ወንድሜ ባለ ክራንቹ ያለው በሙሉ ልክ ነው። እኔም ልጨምርበት። ጠባሳ ላብ አያወጣም፣ ፀጉር አያበቅልም። ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ጠባሳው አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሲለወጥ ይቆያል፤ መልኩም ጥንካሬውም። ጥንካሬው ግን ከቀድሞው ቆዳ 80 ከመቶ ያህል ቢደርስ ነው። ሕፃን እሳት ላይ ወድቆ ክንዱ ከተቃጠለ ደግሞ ልጁ ያድጋል፣ ጠባሳው እኩል አያድግም። ክንዱን እያጠፈ ይይዘዋል። አንድ ጊዜ ተቀዶ አያበቃም። ልብ ወለድ ውስጥ «በልጅነቱ እሳት ያቃጠለው» ተብሎ በአንድ ሐረግ የሚታለፈው ይሄ ሁሉ ነው።

ግን ልዩነት አለን። አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ አፍ አለህ፣ «ክፉ አድርጉኝ» ትላለህ። ልጅቷ እንዲህ ማለት አትችልም። እሷ ጋ የሚደርሰው የተጻፈው በጎ ነገር ሁሉ ተጣርቶ ሌባዋ ብቻ ነው።

የኮምቦልቻዋ፦
ታዲያ አንቀጹ ባለ ጠባሳዎቹን ከታሪኩ ጨርሶ ቢያስወጣቸውስ? ጸሐፊ ሰነፍ ነው። ክፉ አታድርግ ካልሽው ምንም አያደርጋቸውም። ልጅቷ ሌባዋንም ታጣለች።

ነርሷ፦
ይሄን አላሰብኩበትም ብዬ አልዋሽም፣ አስቤበታለሁ። ለዚህ ነው ደግ ይሁኑ ያላልኩት። እኔ የምፈልገው ባለ ሱቁ ጠባሳ ኖሮበት ስኳር እንዲመዝን ነው። ማንም ምን ሆነህ ነው ሳይለው። መዝኖ፣ መልስ ሰጥቶ፣ ከታሪኩ ይውጣ።

የፊልሙ ልጅ፦
ይሄ እንኳ ይቻላል። ሙጫው አለን።

የአራዳው፦
እኔ በአንቀጹ ፈንታ አንድ ጥያቄ ይቀመጥ እላለሁ። ጠባሳውን ብናነሳው ታሪኩ ይለወጣል ወይ? አሃብ ያልፋል። የፊልሙ ልጅ ሽፍታ ይወድቃል።

የሐይቁ መምህር፦
የነርሷ ባለ ሱቅም ይወድቃላ! ጠባሳው ቢነሳ ስኳሩ ያው ስኳር ነው።

የአራዳው፦
ጋሼ፣ እንዲህ ሲሉ ነው የሚገድሉኝ።

አስተባባሪው፦
ጥያቄውም አንቀጹም ለዘንድሮ አይገቡም። ድምፅ ብንሰጥ እኩል እንደምንወጣ ከወዲሁ ይታየኛል። በምትኩ የዳኞች ቡድን ውስጥ ነርሷና ባለ ክራንቹ ይግቡ፤ እነሱ እርስ በርስ ይጣሉ፣ እኛ እንረፍ። ነርሷ በውስጥ መስመር «አልተስማማሁም፣ ግን እገባለሁ» ብላኛለች።

ባለ ክራንቹ፦
ቆይ፣ ዳኛ ከሆንኩ መወዳደር አልችልም ማለት ነው? እኔ እኮ ጽፌ ጨርሻለሁ።

አስተባባሪው፦
አይቻልም። ለመሆኑ ክፉው ማነው?

ባለ ክራንቹ፦
የእድሩ ገንዘብ ያዥ። ሁለት እግር አለው።