ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን በባሕር ዳር ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል?

ጠያቂ (የቪዲዮ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ አነስተኛ የፎቶና የቪዲዮ ቤት አለኝ፤ ብዙውን ጊዜ የምሠራው ሠርግና ምረቃ ነው። በቅርቡ በሐይቁ ዳር የሚገኝ አንድ ሆቴል ግቢውንና ጣናን ከላይ የሚያሳይ አጭር ማስታወቂያ እንድሠራለት ጠይቆኛል፤ ቢቻል አዲሱ የዓባይ ድልድይና የዘጌ ዳርቻም እንዲጨመሩበት ይፈልጋል። ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ 249 ግራም የሚመዝን የዲጄአይ ድሮን ሊያመጣልኝ አስቧል። እሱ እንደሚለው ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን እንደ መጫወቻ ስለሚቆጠር ፈቃድ አያሻውም። የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ ተከፋፍለዋል፤ አንዳንዶቹ በሆቴሉ ግቢ ውስጥ እስከተነሣና እስካረፈ ድረስ የባለቤቱ ፈቃድ ይበቃል ሲሉ፣ ሌሎቹ ጭራሽ እንዳላስበው ይመክሩኛል። ፈቃዱ ከማን እንደሚጠየቅና በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1 (የሕግ ባለሙያ)

ወንድምዎ የጠቀሱት ቁጥር ከሌላ አገር ሕግ የመጣ ነው። በአሜሪካ ለመዝናኛ ብቻ የሚበርና ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ከምዝገባ ነፃ ነው፤ ለሆቴል ማስታወቂያ ተከፍሎበት የሚበር ግን እዚያም ቢሆን መዝናኛ ስለማይባል ነፃነቱ አይመለከተውም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ መጫወቻ ተብሎ ካልተመረተ በቀር ካሜራ ያለው ድሮን ባለቤት፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን፣ መመዝገብ አለበት። እኛ ዘንድ ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር በተለምዶ ኢንሳ የምንለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። የአየር ክልሉን አጠቃቀምና የበረራ ደህንነትን የሚቆጣጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ወንድምዎ ዕቃውን በሻንጣቸው ይዘው እንዳይነሡ ይንገሯቸው። ፈቃድ ያልያዘ ድሮን ቦሌ ላይ በጉምሩክ ይያዛል፤ ባለንብረቱ ቢበዛ የሚያገኘው አገር ለቅቆ ሲወጣ ዕቃው የሚመለስበት ደረሰኝ ነው፣ ሳያሳውቅ ለማሳለፍ ከሞከረ ደግሞ እስከ መወረስ ሊደርስ ይችላል። ፈቃዱ መቅደም አለበት፤ የመሣሪያው ሞዴልና የመለያ ቁጥር፣ የሚበርበት ዓላማ፣ ቦታና ጊዜ በደብዳቤው ላይ በግልጽ ይሥፈሩ። "ለልዩ ልዩ የቀረጻ ሥራዎች" የሚል ጥቅል አገላለጽ ጥያቄ ከማብዛት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

የሆቴሉ ባለቤት ፈቃድ ይበቃል የሚለው ሐሳብ መሠረት የለውም። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የሚናገረው ስለ መሬት ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የ1944 (እ.ኤ.አ.) የቺካጎ ስምምነት መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሉዓላዊነት እንዳለው ከመደንገጉም ባሻገር፣ በአንቀጽ 8 ላይ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ በሌላ አገር ግዛት ላይ እንዳይበር ይከለክላል። የአየር ጉዳይ ከጥንቱ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ የቆየ ነው። የሆቴሉ ደብዳቤ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ ለማመልከቻው አባሪ ሆኖ ሥራው እውነተኛ መሆኑን ያስረዳል።

መልስ 2 (በድሮን የካርታ ሥራ የሚሠራ ቀያሽ)

በሕጉ ላይ የምጨምረው የለኝም። ይሁንና ፈቃድ ሲጠይቁ "ባሕር ዳር" ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የጠቀሷቸው ሦስት ቦታዎች በባሕርያቸው ፈጽሞ አይገናኙም።

ሆቴሉ ከከተማዋ በየትኛው በኩል እንዳለ አልገለጹም። አውሮፕላን ማረፊያው በስተ ምዕራብ ነው፤ ለማረፍ ዝቅ ብሎ የሚመጣ አውሮፕላን እርስዎ ዓይንዎን ከስክሪኑ ሳያነሡ ይደርስብዎታል። በብዙ አገሮች የተለመደው የ120 ሜትር የከፍታ ወሰን ራሱ ከማረፊያ አካባቢ ውጭ ላለ ቦታ የታሰበ ስለሆነ፣ "ዝቅ አድርጌ ነው የማበረው" የሚለው ክርክር በማረፊያ አቅራቢያ አያስኬድም። የድሮኑ ሶፍትዌር መነሣት ቢፈቅድልዎ እንኳ ያ የአምራቹ ካርታ ነው፤ የመንግሥት ፈቃድ አድርገው አይቁጠሩት።

ድልድዩን በተመለከተ፣ በግንቦት 2016 የተመረቀው ይህ 380 ሜትር የሚረዝም ድልድይ መኪናና እግረኛ የማይለየው ዋና መተላለፊያ ነው። ከሚንቀሳቀስ ሕዝብ በላይ ማብረር በብዙ አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት በረራ ነው። በተጨማሪም ከብረትና ከአርማታ አጠገብ ሲነሡ የድሮኑ ኮምፓስ ይሳሳታል፤ ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው ክብ እየሠራ መንሸራተት ከጀመረ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ከድልድዩ ራቅ ካለ ክፍት ቦታ ተነሥተው ወደ ጎን ሆነው ቢቀርጹ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የዘጌው ነው፤ ምክንያቱም ከጀልባ ላይ ለማስነሣት እንደሚያስቡ እገምታለሁ። ድሮን "ቤቴ" ብሎ የሚመዘግበው የተነሣበትን ነጥብ ነው። ጀልባው 300 ሜትር ከሄደ በኋላ የሬዲዮ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ወይም ባትሪው ሊያልቅ ቢቃረብ፣ ድሮኑ በታማኝነት ወደ መነሻው ተመልሶ ጣና ውስጥ ያርፋል። የመመለሻ ነጥቡ ከመቆጣጠሪያው ጋር እንዲንቀሳቀስ የሚያደርግ ምርጫ ያላቸው ሞዴሎች ስላሉ ቀድመው ያረጋግጡ። ወደ ታች የሚያየው ዳሳሽም በሚንቀሳቀስና በሚያብረቀርቅ ውኃ ላይ ከፍታውን በትክክል አይለካም። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የበረራ ደቂቃ እዚህ አያገኙትም። ባለጀልባዎቹ በጠዋት የሚወጡት ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ነውና እርስዎም ሰዓታቸውን ይከተሉ።

መልስ 3 (አስጎብኚ፣ ዘጌ)

የተከበሩ ባለሙያ፣ ዘጌ ዳርቻ ብቻ አይደለም፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉበት ነው። የመንግሥት ፈቃድ ቢኖርዎም የገዳሙን አስተዳዳሪና የሀገረ ስብከቱን ይሁንታ ሳያገኙ ከቅጥሩ በላይ ባያበሩ መልካም ነው። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ገዳማት ሴቶች አይገቡም፤ ማን ገብቶ ምን እንደሚያይ ራሱ ሥርዓት ባለበት ቦታ፣ ሳይጠይቅ ከላይ የሚገባ ካሜራ ደፋር እንግዳ ነው። መነኮሳቱ በቅዳሴ ሰዓት ድምፁን ሰምተው ዝም የሚሉ እንዳይመስልዎ።

ሌላም አለ። በክልላችን ካለው የፀጥታ ሁኔታ የተነሣ የድሮን ድምፅ ሲሰማ ሰው ማስታወቂያ እየተሠራ ነው ብሎ አያስብም። ቡና የሚለቅሙ እናቶች ልጆቻቸውን ሰብስበው ይሸሻሉ። የቀበሌውን አስተዳደር፣ ፖሊስንና በአካባቢው ያለውን የፀጥታ አካል ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰው አስቀድመው ያሳውቁ፤ ነዋሪውም በቀበሌው በኩል ይስማ። ይህን እንደ ትሕትና ብቻ አይዩት፤ የእርስዎም ደህንነት ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወንድሜን ዛሬውኑ ደውዬ ግዢውን እንዲያቆየው ነግሬዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሆቴሉ ሥራውን ቶሎ ይፈልገዋል። ፈቃድ ያለው ሌላ ድርጅት ቀጥሬ ባሠራ ከኃላፊነት እድናለሁ?

መልስ 1 (የሕግ ባለሙያ)

መንገዱ ትክክል ነው፤ ሆኖም "ፈቃድ አለን" የሚለውን ቃል ብቻ አይቀበሉ። ደብዳቤውን ያንብቡ፤ በላዩ የተጻፈው የመለያ ቁጥር ከድሮኑ ጋር መመሳሰሉን፣ ቦታውና ቀኑ የእርስዎን ሥራ የሚሸፍን መሆኑን ይመልከቱ። ለሌላ ከተማ በተሰጠ ደብዳቤ ባሕር ዳር ላይ ቢያበሩ ከእነርሱ ጋር የሚጠየቀው ያሠራቸው ሰውም ሊሆን ይችላል።

የተቀረጸው ምስል ጉዳይም አይዘንጋ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ማንነቱ የሚለይ ሰው ምስል ያለ ሕጋዊ ምክንያት ጥቅም ላይ እንዳይውል ይገድባል። በሆቴሉ መዋኛ ዳር ያሉ እንግዶችና በሐይቁ ዳር የሚታጠቡ ሰዎች ፊታቸው እንዲታወቅ ሆኖ ማስታወቂያ ውስጥ መግባት የለባቸውም። ከድርጅቱ ጋር በሚፈራረሙት ውል ላይ ጥሬ ቀረጻው በማን እጅ እንደሚቆይና መቼ እንደሚደመሰስ አንድ አንቀጽ ያስገቡ። ሆቴሉ ፈቃዱ እስኪመጣ መጠበቅ ካልቻለ የግቢውን ክፍል ከላይኛው ፎቅ ሰገነት፣ የሐይቁን ክፍል ከጀልባ ላይ በእጅ ካሜራ ይቅረጹለት፤ የአየሩ ቀረጻ በኋላ ሊጨመርበት ይችላል።