ከመካከለኛ ኩባንያ ወደ ትልልቆቹ የቴክ ኩባንያዎች በሽያጭ ለመግባት ለምታስቡ፣ የኔ ጥቆማ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ባልደረባዬ ደወለችልኝ። መካከለኛ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ አምስት ዓመት ሽያጭ ሠርታለች። አሁን ከአንዱ ትልቅ የቴክ ኩባንያ ኦፈር መጥቶላታል። «ልሂድ ወይስ ልቆይ?» ነው ጥያቄዋ። ይህንኑ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ መልሴን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የኩባንያው ስም የምታስቡትን ያህል ወሳኝ አይደለም። ወሳኙ የሚሰጣችሁ የደንበኛ ዝርዝር ነው፣ ቴሪቶሪ የምንለው። ጎበዝ ሻጭ ባዶ ቴሪቶሪ ላይ ታርጌቱን፣ ማለትም በዓመት እንዲሸጥ የተመደበለትን መጠን፣ አይመታም። ደህና ቴሪቶሪ የደረሰው መካከለኛ ሻጭ ግን ዓመቱን በሰላም ይጨርሳል።

በራሴ ደርሶ ነው የማወራው። ትልቅ ኩባንያ የገባሁ ሰሞን ዝርዝሬ ሲከፈትልኝ 140 ድርጅቶች ነበሩበት፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ያለውን ማስታወሻ ማንበብ ጀመርኩ። «ከተፎካካሪ ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈርመዋል።» «በጀት የለም።» «ሁለተኛ እንዳትደውሉ ብለዋል።» ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ያው ነው። ከኔ በፊት ዝርዝሩን ሦስት ሻጮች በሁለት ዓመት ውስጥ ተቀባብለውት ነበር፤ ሦስቱም ለቀዋል። ኢንተርቪው ላይ ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። እስካሁን የሚቆጨኝ አለመጠየቄ ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ኦፈር ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ታርጌቱን መቶ በመቶ ብትመቱ የምታገኙት ነው እንጂ ደሞዛችሁ አይደለም። ቤዙን (ሸጣችሁም አልሸጣችሁ የሚከፈላችሁን ቋሚ ደሞዝ) ከኮሚሽኑ (በሸጣችሁት ልክ ከሚከፈላችሁ) ለዩት። በብዙ ቦታ ግማሽ በግማሽ ወይም 60 ለ40 ይከፈላል። በምሳሌ እንየው። አዲሱ ኦፈር ጠቅላላው 100 ነው እንበል፣ 60 ቤዝ፣ 40 ኮሚሽን። አሁን ያላችሁበት ጠቅላላው 80 ነው፣ 55 ቤዝ፣ 25 ኮሚሽን። አዲሱ ቦታ የመጀመሪያውን ዓመት ታርጌት 55 በመቶ ብቻ ብትደርሱና ኮሚሽኑ በዚያው ልክ ቢሰላ 82 ታገኛላችሁ። አሁን ያላችሁበት ደግሞ እንደለመዳችሁት 110 በመቶ ብትመቱ 82.5። ሥራ ለውጣችሁ፣ ዓመት ሙሉ ተጨንቃችሁ፣ ያው ገንዘብ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ቦታ ላይ ነው። አዲስ ገቢዎች እስኪለምዱ ድረስ ታርጌት ይቀነስላቸው እንደሆነና ለስንት ወር እንደሆነም ጠይቁ። በነዚያ ወራት ኮሚሽን በቅድሚያ የሚሰጥ ከሆነ፣ በኋላ ተመላሽ የሚደረግ ነው ወይስ አይደለም? ይህን በጽሑፍ ያዙት።

ከክፍያው ጋር የሚሰጠው የኩባንያው አክሲዮን እውነተኛ ጥቅም ነው፣ አልክድም። መካከለኛ ኩባንያ የሚሰጣችሁ አክሲዮን የመግዛት መብት ኩባንያው ካልተሸጠ ወይም አክሲዮኑ ገበያ ላይ ካልወጣ ወረቀት ሆኖ ሊቀር ይችላል። የትልልቆቹ ግን እጃችሁ በገባ ቀን የሚሸጥ ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው። ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው የአማዞን አሰጣጥ በመጀመሪያው ዓመት 5 በመቶ፣ በሁለተኛው 15፣ ከዚያ 40 እና 40 ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በጥሬ ገንዘብ ቦነስ ያካክሱታል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሠርቶ የመውጣት ሐሳብ ያለው ሰው የአክሲዮኑን ጠቅላላ ቁጥር እያየ አይወስን።

በኩባንያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሰው ከሚያስበው ይሰፋል። የደንበኛ መረጃ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሚሸጠው ሴልስፎርስ ጋ ዋናው ነገር የዓመት ውል መፈረም ነው። የኮምፒውተር አቅም በኢንተርኔት የሚያከራዩት አማዞን ክላውድና ጉግል ክላውድ ጋ ግን ደንበኛው ፈርሞ ዝም ካለ ብዙም ዋጋ የለውም፣ አገልግሎቱን እየተጠቀመ ወጪው ማደግ አለበት። አዳዲስ ደንበኛ ማደን የሚወድ ሰው የመጀመሪያው ይመቸዋል። ከደንበኛው መሐንዲሶች ጋር ወራት ቁጭ ብሎ መሥራት የሚችል ሁለተኛውን ይሞክር። ማይክሮሶፍት ውስጥ ደግሞ አንድ ትልቅ ደንበኛ ላይ የአካውንቱ ኃላፊ፣ የአዙር (የማይክሮሶፍት ክላውድ) ስፔሻሊስትና የሴኩሪቲ ስፔሻሊስት አብረው ስለሚቆሙ፣ ብቻውን ሮጦ ብቻውን ማሸነፍ የለመደ ሰው እዚያ ይቸገራል።

የበጀት ዓመቱንም እዩ፤ ታርጌትና ቴሪቶሪ የሚደለደለው ዓመቱ ሲጀምር ነው። የዳታቤዝ ኩባንያው ኦራክል ጁን መጀመሪያ ላይ ይጀምራል (ወሮቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ማይክሮሶፍት ጁላይ፣ ሴልስፎርስ ፌብሩዋሪ፣ አማዞንና ጉግል ጃንዋሪ። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የተረፈው ነው የሚደርሰው። የምትችሉ ከሆነ የመግቢያ ቀናችሁን ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ጋር አስማሙ።

የቀን ተቀን ሥራውም ይለያል። መካከለኛ ኩባንያ እያለሁ ቅናሽ ሲያስፈልገኝ የፋይናንስ ኃላፊዋን ኮሪደር ላይ አስቁሜ አስፈቅድ ነበር። ትልቁ ጋ ያው ቅናሽ በአምስት ሰው እጅ አልፎ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ደንበኛው በየቀኑ ይደውላል፣ እኔ «እየታየ ነው» እላለሁ። በሌላ በኩል የኩባንያው ስም በር ይከፍታል፤ ድሮ ሦስት ወር የማሳድዳቸው ኃላፊዎች በሁለተኛው ኢሜይል ይመልሱልኝ ነበር። ትልቅ ውል እንዴት እንደሚዋቀር የተማርኩትም እዚያ ነው።

ትልቅ ኩባንያ ከሥራ አያስወጣም ብላችሁ ግን አትሂዱ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2023 ላይ ብቻ ጉግል 12,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000፣ አማዞን ከ18,000 በላይ ሠራተኛ እንደሚቀንሱ አስታውቀዋል። ሴልስፎርስም በዚያው ወር ከሠራተኞቹ 10 በመቶ ያህሉን።

ታዲያ ማን ይሂድ? ሦስት አራት ዓመት ታርጌቱን በተከታታይ የመታ፣ አሁን ያለበት ቦታ የሚሸጠው ውል ከዚህ በላይ የማያድግ፣ እና አንድ ደካማ ዓመት የሚያሳልፍበት ቁጠባ ያለው ሰው ቢሄድ እላለሁ። የምትሸጡት ምርት ገና እያደገ ከሆነና ማናጀር የመሆን ዕድል ፊታችሁ ካለ ግን ቆዩ። ትልቅ ቦታ ላይ ያ ዕድል ረጅም ወረፋ አለው።

ለባልደረባዬ ሦስት ጥያቄ ሰጥቻታለሁ። ባለፈው ዓመት ከቡድኑ ስንቱ ታርጌቱን መታ? ይህን ቴሪቶሪ ከኔ በፊት ማን ይዞት ነበር፣ አሁን የት ነው? ማናጀሩ በሌለበት ከቡድኑ ሁለት ሻጮችን ማናገር እችላለሁ? ትናንት ማታ መልሳ ደወለች። የመጀመሪያውን በቁጥር መልሰውላታል፣ ከ11 ሰው አራቱ። ከአንዱ ሻጭ ጋርም አገናኝተዋታል። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን «እናጣራለን» ብለው አልፈውታል። እስኪያጣሩ አትፈርሚ አልኳት።