ከባንክ ወንበር ወደ አባቴ ሽመና መመለስ እፈልጋለሁ፤ ምከሩኝ

ጤና ይስጥልኝ። 32 ዓመቴ ነው። አካውንቲንግ ተምሬ ባንክ ከገባሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ደሞዜ ባይተርፍም አይጎድልም። ግን ጠዋት ስነሳ ልቤ አብሮኝ አይነሳም።

አባቴ ከዶርዜ መጥቶ ዕድሜውን ሽሮ ሜዳ በሽመና የጨረሰ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ሲያርፍ፣ እግሬን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አስገብቼ እቀመጣለሁ። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሮጥ፣ ድርና ማጉ ሲያያዝ፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ባለፈው ለእህቴ የሠራሁትን ጥለት አባቴ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «እጅህ የኔ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሥራ ልልቀቅ ስለው ግን መስማት አይፈልግም። «ከዚህ ጉድጓድ ላወጣህ ነው ያስተማርኩህ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሸማኔ ተብሎ ሲናቅ ኖሯል። ገበያውም ለጥምቀትና ለፋሲካ ይደራል፣ ክረምት ላይ ጭር ይላል። እኔ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉኝ።

በእጅ ሙያ የምትተዳደሩ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ እንዴት ትዘልቃላችሁ? ባንኩን ሳልለቅ ማታ ማታ ትዕዛዝ እየተቀበልኩ ልጀምር? አባቴንስ ሳላስቀይመው እንዴት ላስረዳው?